«ነፃ» የተባለው ስልክ ስንት ያስከፍልዎታል?

የዛሬው ጽሑፋችን ከመኖሪያና ከንግድ ፈቃድ ጉዳይ ትንሽ ወጣ ብሎ ቀኑን ሙሉ ከእጃችን ስለማይለየው ዕቃ፣ ስለ ስልክ ይሆናል። ኤርፖርት ተራ ስትጠብቁ ወይም ሃቫና ጎዳና ላይ ቡና ስትጠጡ፣ ከወዳጆቻችሁ አንዱ የሚያብረቀርቅ አዲስ ስልክ ከኪሱ ሲያወጣ አይታችሁ ይሆናል። «በስንት ገዛኸው?» ሲባል መልሱ ብዙውን ጊዜ «በነፃ ነው የሰጡኝ» የሚል ነው። ይህንኑ «ነፃ» የተባለውን ነገር ወረቀትና እርሳስ ይዘን እንመርምረው።

አስቀድመን ዋጋውን እንወቅ። (እዚህ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አፕል በሴፕቴምበር 2025 ያወጣው አይፎን 17 ፕሮ መነሻ ዋጋው 1,099 ዶላር፣ ተራው አይፎን 17 ደግሞ 799 ዶላር ነበር። ሳምሰንግ በዚያው ዓመት መጀመሪያ ያወጣው ጋላክሲ ኤስ25 አልትራ በ1,299 ዶላር ነበር የተጀመረው። በሌላ በኩል በ2025 ጉግል ፒክስል 9ኤ የተባለውን በ499 ዶላር፣ ሳምሰንግም ጋላክሲ ኤ16ን በ200 ዶላር ገደማ ለአሜሪካ ገበያ አቅርበዋል። በውዱና በርካሹ መካከል ያለው ዋናው ልዩነት ካሜራው፣ የስክሪኑ ጥራትና ፍጥነቱ ነው። ካርታ ለመከተል፣ ትሪፕ ለመቀበልና አገር ቤት ለመደወል ግን የ499 ዶላሩም ከበቂ በላይ ነው።

አሁን ወደ ምሳሌው እንግባ። ዕዳው የተከፈለ አይፎን 13 አለዎት እንበል። ለመስመሩ በወር 30 ዶላር በቅድሚያ ይከፍላሉ። አንድ ቀን ስልክ ቤት ጎራ ሲሉ ሻጩ «ያሮጌውን ይስጡንና አይፎን 17 ፕሮን በነፃ ይውሰዱ» ይልዎታል። ነፃ የሚሆነው ግን ገደብ የሌለው የተባለውን ውድ መስመር ከያዙ ነው። እሱ በወር 85 ዶላር ነው እንበል። ልዩነቱ በወር 55 ዶላር መሆኑ ነው። ኮንትራቱ 36 ወር ስለሆነ 55 በ36 ሲባዛ 1,980 ዶላር ይመጣል። በዚህ ላይ የሽያጭ ታክስ አለ፤ ታክሱ ብዙ ጊዜ የሚታሰበው በሙሉው 1,099 ዶላር ላይ ሲሆን የሚከፈለውም ዕቃውን በሚረከቡበት ዕለት ነው። በ2025 የዴንቨር የሽያጭ ታክስ 9.15 ከመቶ ስለነበረ 100 ዶላር ያህል ይሆናል። ለማስከፈቻ ተብሎ 35 ዶላር ቢጨመርበት በጠቅላላው 2,115 ዶላር ደረሰ ማለት ነው። ያንኑ ስልክ በጥሬ ገንዘብ ቢገዙት ኖሮ ከነታክሱ 1,200 ዶላር ነበር፤ አይፎን 13ዎም በእጅዎ ይቀር ነበር።

ይህን ስንል ሻጩ አታለለ ማለታችን አይደለም፤ ሁሉም ነገር እርስዎ በፈረሙት ወረቀት ላይ ተጽፏል። ደግሞም ሂሳቡ ለሁሉም ሰው አንድ አይደለም። ባለቤትዎና ልጆችዎ በአንድ መስመር ተጠቃለው ቀድሞውኑም ያንን ውድ አገልግሎት የሚከፍሉ ከሆነ የወር ልዩነቱ ዜሮ ነው፤ ያን ጊዜ ቅናሹ የእውነት ቅናሽ ነው። ስለዚህ ሻጩን መጠየቅ ያለብዎት «ስልኩ ስንት ነው?» ብለው ሳይሆን «ዛሬ ከምከፍለው የወር ቢል ላይ ስንት ይጨምርብኛል፤ ለስንት ወር?» ብለው ነው። መልሱን በወረቀት ያስጽፉ።

ሁለተኛው ነገር ቅናሹ በአንድ ጊዜ የማይሰጥ መሆኑ ነው። እንደ ኩባንያው ለ24 ወይም ለ36 ወር በየወሩ ከቢልዎ ላይ እየተቀነሰ ነው የሚታሰብልዎ። በ14ኛው ወር ወደ ርካሽ መስመር ልዛወር ቢሉ የቀረው ቅናሽ ይቋረጣል፤ የስልኩ ቀሪ ዕዳ ግን አይሰረዝም። 1,099 ለ36 ሲካፈል በወር 30 ዶላር ከ53 ሳንቲም ነው፤ ለቀሩት 22 ወራት 672 ዶላር ገደማ ይጠየቃሉ። ዕዳው እስኪያልቅ ድረስም ስልኩ አብዛኛውን ጊዜ በኩባንያው የተቆለፈ ነው። ለሁለት ወር አዲስ አበባ ሄደው የኢትዮ ቴሌኮም ወይም የሳፋሪኮም መስመር ልጠቀምበት ቢሉ እንቢ ይልዎታል። ለቅሶም ሆነ ሠርግ ቀጠሮ ስለማይሰጥ ይህን አስቀድሞ ማሰብ ይገባል።

የዴንቨር ባለታክሲዎች እንዲህ ያለውን ሂሳብ ከማንም በላይ ያውቁታል። በ2009 ዩኒየን ታክሲ የተባለው የነጂዎች ማኅበር፣ በ2016ም ግሪን ታክሲ ሲቋቋሙ፣ ብዙዎቹ ከአፍሪካ ቀንድ የመጡ ስደተኞች የሆኑትን ነጂዎች ካነሳሷቸው ምክንያቶች አንዱ ገበያ ኖረም አልኖረም በየሳምንቱ ለኩባንያ የሚከፈለው ሊዝ ነበር። የስልክ ኮንትራትም የዚያ ሊዝ ታናሽ ወንድም ነው። በረዶ ጥሎ ሳይሠሩ ቢውሉም ቢሉ መምጣቱን አይተውም።

«ግድ የለም፣ ከታክስ ይቀነስልኛል» የሚሉም አሉ። እውነት ነው፣ ይቀነሳል፤ ነገር ግን ተቀናሽ ማለት ተመላሽ ማለት አይደለም። በራሱ ሥራ የሚተዳደር ሰው ስልኩን 80 ከመቶ ለሥራ የሚጠቀምበት ከሆነ የዋጋውንና የቢሉን 80 ከመቶ እንደ ሥራ ወጪ ያስመዘግባል። (የመኪና ወጪያቸውን በማይል የሚያሰሉ ነጂዎችም ስልክ በማይሉ ውስጥ ስለማይጠቃለል ለብቻው መቀነስ ይችላሉ፤ ይህን የሚዘነጉ አሉ።) ከ1,200 ዶላሩ 960ው ተቀናሽ ሆነ እንበል። መካከለኛ ገቢ ላለው ነጂ የፌዴራሉ፣ የኮሎራዶውና የሶሻል ሴኩሪቲው ታክስ ተደምሮ የሚተርፍለት በግምት የዚህ ሩብ ነው፤ 240 ዶላር ያህል። ቀሪው 960 ዶላር ከኪስዎ ነው የወጣው። የማያስፈልግ ዕቃ ከታክስ ስለተቀነሰ ብቻ አያስፈልግም ከሚለው ወደ ያስፈልጋል አይለወጥም።

እስቲ ደግሞ ያሮጌው ስልክ ምን ሆነ እንበል። አብዛኛው ነጂ የሚያማርረው «ቻርጅ አይዝም፣ ይግላል፣ ይጠፋል» እያለ ነው። ይህ የስልኩ ሳይሆን የባትሪው እርጅና ነው። አፕል እንደሚለው እስከ አይፎን 14 ያሉት ባትሪዎች 500 ጊዜ ሞልተው ከተሟጠጡ በኋላ 80 ከመቶ አቅማቸው እንዲቀር፣ ከአይፎን 15 ወዲህ ያሉት ደግሞ 1,000 ጊዜ እንዲችሉ ሆነው የተሠሩ ናቸው። ቀን ሙሉ ካርታ ከፍቶ የሚነዳ ሰው ይህን ቁጥር ቢሮ ከሚውለው ሰው በጣም ቀድሞ ይጨርሰዋል። በ2025 አፕል የአይፎን 13ን ባትሪ በ89 ዶላር፣ የ14ና የ15ን በ99 ዶላር ይቀይር ነበር። ከ2,115 ዶላር ጋር ያስተያዩት።

የኮሎራዶ ሕግም እዚህ ላይ ያግዝዎታል። ገዢው ጃሬድ ፖሊስ በሜይ 2024 የፈረሙትና ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የጥገና መብት ሕግ፣ የስልክ አምራቾች መለዋወጫውን፣ መሣሪያውንና የአሠራር መመሪያውን ለግል ጠጋኞችና ለባለቤቶች ጭምር እንዲያቀርቡ ያስገድዳል። ኢስት ኮልፋክስ ላይ ያለው የሠፈርዎ ጠጋኝ የተሰበረ መስተዋትዎን ለመቀየር ከድሮው የተሻለ ዕድል አለው ማለት ነው።

ስለ ሙቀቱም አንድ ነገር እንጨምር። የአይፎን ስልክ እንዲሠራ የታሰበው ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው አየር ውስጥ ነው። በጁላይ ቀትር ኤርፖርት ማቆያው ላይ የቆመ መኪና ዳሽቦርድ ግን ከዚያ በላይ ይነዳል። በዚህ ቦታ ላይ የ1,099 ዶላሩም ስልክ እንደ አሮጌው ስክሪኑን ያደበዝዛል፣ ቻርጅ መቀበል ያቆማል። መፍትሔው አሥራ አምስት ሃያ ዶላር የሚያወጣ መያዣ ገዝቶ ስልኩን ከፊት መስተዋቱ አንስቶ ቀዝቃዛ አየር ከሚወጣበት ቀዳዳ ፊት መስቀልና ያለ ገመድ ቻርጅ ማድረጉን ትቶ በገመድ መጠቀም ነው። ክረምት ሲመጣ ደግሞ ከዚያው ቀዳዳ የሚወጣው ሙቅ አየር ነውና ቦታውን መለወጥ እንዳይረሱ። መያዣው ከቅጣትም ያድንዎታል፤ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ኮሎራዶ ውስጥ እየነዱ ስልክ በእጅ መያዝ የተከለከለ ሲሆን የመጀመሪያው ጥፋት 75 ዶላርና በመንጃ ፈቃድ ላይ ሁለት ነጥብ ነው። በመንጃ ፈቃዱ ለሚበላ ሰው ከገንዘቡ ይልቅ ነጥቡ ይከብዳል።

እንግዲያው አዲስ መግዛት የሚገባው መቼ ነው? ስልኩ የሚሠሩበትን አፕ መቀበል ሲያቆም ነው። ለምሳሌ በ2025 የወጣው የአፕል ሲስተም 26 አይፎን ኤክስ ኤስንና ኤክስ አርን ትቷቸዋል፤ ከአይፎን 11 ወዲህ ያሉትን ብቻ ይቀበላል። ሲስተሙ የቆመ ስልክ ወዲያው አይሞትም፤ ነገር ግን አፖቹ ቀስ በቀስ ይሸሹታል። ሌላው ምክንያት ባትሪው ተቀይሮም ሥራ የሚያስቀር ከሆነ ነው። ስልኩ በመጥፋቱ በሳምንት ሁለት የ20 ዶላር ትሪፕ የሚያመልጥዎ ከሆነ በወር 160 ዶላር እየጣሉ ነው፤ ያን ጊዜ አለመግዛት ነው ኪሣራው። ታዲያ በዚያን ጊዜም ቢሆን ከፍተኛውን ዋጋ መክፈል ግዴታ አይደለም። ጉግል ከፒክስል 8፣ ሳምሰንግም ከጋላክሲ ኤስ24 ጀምሮ ለሰባት ዓመት ሲስተሙን ለማደስ ቃል ገብተዋል። የሁለት ዓመት ዕድሜ ያለው ታድሶ የሚሸጥ ስልክ፣ ከዋስትና ጋርና ያልተቆለፈ ከሆነ፣ ለእኛ ሥራ ደኅና ምርጫ ነው። ያሮጌውንም አይስጡት፤ ተሞልቶ መኪናው ኪስ ውስጥ ቢቀመጥ የክፉ ቀን መጠባበቂያ ይሆናል።

ለባለሱቆች ነገሩ ትንሽ ይለያል። የደንበኛን ካርድ በስልክ ላይ በማስነካት ክፍያ መቀበል የሚቻለው በአዲሱ ብቻ የሚመስላቸው አሉ፤ ከአይፎን ኤክስ ኤስ ወዲህ ባሉት ሁሉ ይሠራል። የፉድ ስታምፕ ካርድ ግን የሚስጥር ቁጥር ማስገቢያ ያለው የተፈቀደ መሣሪያ ይፈልጋል፤ ስልኩ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን አይተካውም። የምግብና የዕቃ ፎቶግራፍ ለኢንተርኔት ማዘዣ የምታነሱም ብትሆኑ ከአዲስ ካሜራ በፊት ሳህኑን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግታችሁ ሞክሩ።

በመጨረሻ መቀየሩን ከወሰኑ ያሮጌውን ከማስረከብዎ በፊት ሦስት ነገር ያድርጉ። ቁጥርዎን ይዘው ወደ ሌላ ኩባንያ መዛወር በሕግ መብትዎ ነው፤ ነገር ግን አዲሱ ሳይከፈት የቀድሞውን መስመር አይዝጉ፤ ከዘጉት ቁጥሩ ሊጠፋ ይችላል። በኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት የኢንተርኔት አካውንት ያለ ማመልከቻ ካለዎት፣ ለመግባት የሚያስፈልገው የሚስጥር ቁጥር ወደዚያው ስልክ የሚላክ ከሆነ፣ በአዲሱ ስልክ ገብተው ሳያረጋግጡ ያሮጌውን አይልቀቁ። የግሪን ካርድዎ፣ የፓስፖርትዎና የሶሻል ሴኩሪቲዎ ፎቶ በዚያ ስልክ ውስጥ መኖሩንም አይዘንጉ፤ ወደ አዲሱ ካዛወሩ በኋላ ከአካውንትዎ ወጥተው ሁሉንም ይደምስሱ።

ያሮጌውን አገር ቤት ለመላክ ያሰባችሁም ይህን ልብ በሉ። አሜሪካ ውስጥ የተሸጡት አይፎን 14ና ከዚያ ወዲህ የመጡት የሲም ካርድ ማስገቢያ የላቸውም፤ የሚሠሩት በኢ-ሲም ብቻ ነው። እኅትዎ ሲሟን ይዛ ቀዳዳ ስትፈልግ እንዳትውል፣ ከመላክዎ በፊት መስመሯ ወደ ኢ-ሲም ይዛወርላት እንደሆነ እዚያው አስጠይቁ። አይፎን 13 ግን ማስገቢያ አለው፤ ሻጩ «ይስጡንና» ያለዎት ያው ስልክ።