ሳሙናው ታድሏል፤ ፊቱስ ታጥቧል?

በሰቆጣ ዙሪያና በጋዝጊብላ ወረዳዎች የዓይን በሽታው ትራኮማ የቆየ ጠላት ነው። በ2008 ዓ.ም. ካርተር ማዕከል፣ የአማራ ክልል ጤና ቢሮና የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ፍራንሲስኮ ተመራማሪዎች በእነዚህ የዋግ ኽምራ ወረዳዎች «ዉሃ» የተሰኘ ጥናት ጀመሩ። 40 አካባቢዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ለ20ዎቹ የውሃ ተቋም፣ የፊትና የእጅ መታጠቢያ፣ ሳሙና፣ በትምህርት ቤት የሚሰጥ የንጽህና ትምህርትና ቤት ለቤት የሚዞር አስተማሪ ተመደበላቸው። የቀሩት 20 ለማነጻጸሪያ ቆዩ።

እንዲህ ባለ ጥናት ትልቁ ራስ ምታት የታቀደው ሁሉ በታቀደው ልክ መፈጸሙን ማረጋገጥ ነው። በትራኮማ መድኃኒቱ በአዚትሮማይሲን ዕደላ ነገሩ ይቀላል፦ ልጁ በመለኪያ ዘንግ ቁመቱ ይለካል፣ መድኃኒቱ በልኩ ይሰጠዋል፣ እዚያው ሲውጥ ይታያል፣ መዝገቡ ላይ ምልክት ይደረጋል። አበቃ። ሳሙና ግን ሥራው የሚጀምረው ከታደለ በኋላ ነው። ለልብስ አጠባ ሊውል ይችላል፤ ገንዘብ ባጠረበት ቤት ይህን ማን ይነቅፋል? ውሃውም ቢሆን ጀሪካን አዝሎ ዳገቱን የሚወጣ ሰው ይፈልጋል።

የመጸዳጃ ቤት ጉዳይ ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። ትራኮማን ከፊት ወደ ፊት የምታዛምተው ዝንብ የምትራባው ሜዳ ላይ በቀረ የሰው ዓይነ ምድር ነው፤ ስለዚህ ጉድጓድ መቆፈሩ ብቻውን አይቆጠርም። ልምድ ያለው ተቆጣጣሪ ከበሩ በፊት መንገዱን ያያል፦ ተረግጧል ወይስ ሣር በቅሎበታል? እንግዳ መምጣቱ ከተሰማ ደግሞ የልጆች ፊት ሁሉ ይታጠባል። ማነጻጸሪያዎቹ መንደሮችም ዝም ብለው አይጠብቁም፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እዚያም መደበኛ ሥራቸውን ይሠራሉ፣ ሰዉም በገበያና በቤተ ክርስቲያን ይገናኛል፣ ወሬውም ይዛመታል።

ውጤቱ በ2014 ዓ.ም. ላንሴት ግሎባል ሄልዝ ላይ ወጣ። ዕድሜያቸው እስከ 5 ዓመት ከሆነ ሕፃናት የትራኮማ አምጪው ባክቴሪያ መጀመሪያ ላይ በሁለቱም ወገን በ11 በመቶ ተገኝቶ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ አገልግሎቱን ባገኙት 32፣ ባላገኙት 31 በመቶ ሆነ።

ታዲያ ጥፋቱ የአፈጻጸም ነው? በቀላሉ እንዲህ አይባልም፤ ተመራማሪዎቹ አገልግሎቱ በደረሰባቸው አካባቢዎች የንጽህና ልማዱ በሚታይ ሁኔታ መሻሻሉን ዘግበዋል። «ሥራው አልተሠራም» የሚለው ማምለጫ በዚህ ይዘጋል። «ተሠርቶም አልጠቀመም» ብሎ ለመደምደም ግን በየቤቱ፣ በየዕለቱ፣ የስንት ልጅ ፊት እንደታጠበ መታወቅ ነበረበት። ይህን ደግሞ በዓመት አንድ ጊዜ የሚደረግ ጉብኝት ሊቆጥረው አይችልም።