ተጨማሪ መረጃ፦ የጥድ መዓዛ በሽቱ ቅመማ

ዝናም ካባራ በኋላ በጥድ ደን መካከል የሚያልፍ መንገደኛ የሚያሸተው ያ ቀዝቃዛና ንጹሕ መዓዛ፣ ከቅጠሉና ከሙጫው እየተነኑ የሚወጡ የብዙ ረቂቃን ውሑዳን ኅብር ነው፤ ከእነዚህም መካከል 10 የካርቦንና 16 የሃይድሮጂን አቶሞች ያሉት አልፋ ፓይኒን ዋነኛው ሲሆን፣ የዚህን ወገን ውሑዳን ጠባይ በትጋት የመረመረው ጀርመናዊው ሊቅ ኦቶ ቫላኽ በ1910 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል።

አልፋ ፓይኒን ፈጥኖ የሚተን በመሆኑ መዓዛው በሽቱ መግቢያ ላይ ደምቆ ወዲያው ይጠፋል፤ ስለዚህም ቀማሚው፣ ጥቂት ጣፋጭነት ያለውንና ከእርሱ ይልቅ የሚቆየውን ኢሶቦርኒል አሴቴት ይጨምርበታል። ይህም ከተርፔንታይን ዘይት የተገኘው ፓይኒን አስቀድሞ ወደ ካምፊን ተለውጦ፣ ካምፊኑም ከአሴቲክ አሲድ ጋር ሲዋሐድ የሚገኝ ነው፤ ዋጋው መጠነኛ ስለ ሆነም ለሳሙናና ለቤት ማሸተቻ በብዛት ይውላል፣ ከላቬንደርና ከኩማሪን ጋር ሲስማማም የወንዶችን ሽቱ ያስጌጣል።

ነገር ግን ፓይኒን ከአየር ኦክሲጅን ጋር ሲዋሐድ ቆዳን የሚያስቈጡ ውሑዳንን ስለሚያስገኝ፣ የጥድ ዘይት ምንጊዜም በሚገባ በተከደነ ጥቁር ጠርሙስ፣ ከብርሃንና ከሙቀት ርቆ ሊቀመጥ ይገባዋል።