ይግባኝ ለማን? ክርስቲያንና የሕገ መንግሥት እውቀት



ሐዋርያው ጳውሎስ በፊልጵስዩስ ተደብድቦ ከታሰረ በኋላ ገዥዎቹ በስውር ሊያሰናብቱት ሲሞክሩ እምቢ አለ። የሮም ዜጋ ሳይፈረድበት መገረፍ እንደሌለበት ያውቅ ነበርና (ሐዋ. 16)። በቂሣርያም በፊስጦስ ፊት ቆሞ ጉዳዩ በቄሣር እንዲታይለት ይግባኝ አለ (ሐዋ. 25)። መንፈሳዊነቱ የፍርዱን መንገድ ከማወቅ አልከለከለውም።

እኛ ግን ሕገ መንግሥት ሲነሳ «ይህ የፖለቲከኞች ጉዳይ ነው» ብለን የምናልፍ ብዙዎች ነን። የጸሎት ቤት ወይም የመቃብር ቦታ ችግር ሲገጥመን አስቀድመን የምንፈልገው የሕጉን አንቀጽ ሳይሆን የምናውቀውን ባለ ሥልጣን ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን ይደነግጋል። አንቀጽ 27 ደግሞ ማንኛውም ሰው የመረጠውን ሃይማኖት የመያዝ፣ የማምለክና የማስተማር መብት ይሰጠዋል። መብቱ ሊገደብ የሚችለው በሕግ ብቻ ነው፤ ያም የሕዝብን ደህንነት፣ ሰላምና ጤና ወይም የሌሎችን መብት እንደ መጠበቅ ላሉ በአንቀጹ ለተዘረዘሩ ምክንያቶች ነው።

ይሁን እንጂ መጻፉ ብቻ አይበቃም። የ1979ኙ የኢሕዲሪ ሕገ መንግሥትም የሃይማኖት ነጻነትን ጽፎ ነበር። በደርግ ዘመን ግን ስንት አብያተ ክርስቲያናት ተዘግተው ምእመናን በየቤቱ ተደብቀው ይጸልዩ እንደ ነበር አባቶቻችን ያስታውሳሉ። ስለዚህ ትልቁ ጥያቄ፣ ሕጉ ሲጣስ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ማን ነው? የሚል ነው።

የመጨረሻው ቃል የማን ነው?

በአሜሪካ ሕገ መንግሥቱን በመጨረሻ የሚተረጉሙት የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 9 ዳኞች ናቸው። በአገራችን ግን አሠራሩ ይለያል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በፌዴራል ጉዳዮች ላይ የመጨረሻው የዳኝነት አካል ነው፤ የሰበር ችሎቱ ከ5 ያላነሱ ዳኞች ተሰይመው የሚሰጡት የሕግ ትርጉም በሌሎች ፍርድ ቤቶች ላይ አስገዳጅ ነው። ሕገ መንግሥቱን የመተርጎም ሥልጣን ግን በአንቀጽ 62 እና 83 ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ተሰጥቷል። ጉዳዩን መርምሮ ለምክር ቤቱ የሚያቀርበው 11 አባላት ያሉት የሕገ መንግሥት አጣሪ ጉባኤ ሲሆን ሰብሳቢው የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ነው።

ይህ አሠራር ያከራክራል። አንዳንድ የሕግ ምሁራን የፖለቲካ ምክር ቤት ገለልተኛ ዳኛ ሊሆን አይችልም ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ሕገ መንግሥቱ የብሔር ብሔረሰቦች ቃል ኪዳን ስለሆነ ተርጓሚዎቹም የእነርሱ ወኪሎች መሆን አለባቸው ይላሉ።

አንዲት ሴት ያስተማረችን

በአንድ የውርስ ክርክር አንዲት ሴት በሸሪዓ ፍርድ ቤት ለመዳኘት አልስማማም አለች። ተቃውሞዋ ግን በየደረጃው ባሉት የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ተቀባይነት አላገኘም። የሰበር ችሎቱም አልተቀበላትም። እርስዋ ግን ተስፋ ሳትቆርጥ ወደ አጣሪ ጉባኤው ሄደች። በ2000 ዓ.ም. የፌዴሬሽን ምክር ቤት ማንም ሰው ያለ ፈቃዱ በሃይማኖት ፍርድ ቤት ሊዳኝ እንደማይችል ወሰነላት። መሠረቱም አንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 ነበር።

ወገኖች ሆይ፣ ይህ ውሳኔ የእርስዋ ብቻ አይደለም። ለእርስዋ የተከፈተው በር ለእኛም ክፍት ነው። እኛም ለራሳችን የምንጠይቀውን ነጻነት ለሙስሊሙና ለኦርቶዶክሱ ጎረቤታችን ካልጠየቅን፣ የጠየቅነው ፍትሕ ሳይሆን አድልዎ ነው።

ስለዚህ ምን እናድርግ? መጀመሪያ ሕገ መንግሥቱን እናንብብ። አቤቱታችንን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ፣ ከነአንቀጹ እናቅርብ፤ መልሱንም በጽሑፍ እንቀበል፤ ቀጣዩ ደረጃ ማስረጃ ይጠይቀናልና። በየአጥቢያችን ሕግ የሚያጠኑ ወጣቶችን «ዓለማዊ ትምህርት» እያልን አናሸማቅቃቸው፤ ለድሀ አደጉና ለመበለቲቱ እንዲሟገቱ አዘጋጅተን እንላካቸው። ጳውሎስ ለባለ ሥልጣናት እንድንጸልይ እንዳዘዘን (1ጢሞ. 2) ለዳኞቻችንም በስማቸው እንጸልይ።

ጻድቁ ፈራጅ እግዚአብሔር ምድራችንን በፍትሕ ይባርክ። አሜን።