«ያለመናገር መብት አለህ»

ከስድስት ኪሎ ተነሥቶ በሽሮ ሜዳ በኩል ወደ እንጦጦ በሚያወጣው መንገድ ዳር፥ በጉለሌ ክፍለ ከተማ፥ የአሜሪካ ኤምባሲ ይገኛል። የአሜሪካንን ፖሊስ ለወጣቶቻችን ያስተዋወቃቸው ግን ኤምባሲው ሳይሆን ፊልሙ ነው። በፊልሙ ላይ ፖሊሱ ተጠርጣሪውን ካቴና እያስገባለት፥ «ያለመናገር መብት አለህ፤ የምትናገረው ሁሉ በፍርድ ቤት ማስረጃ ሊሆንብህ ይችላል» ይለዋል። ይህን ያየ ተማሪ፥ «ለኛስ እንዲህ ያለ ሕግ መቼ ይጻፍልን ይሆን?» ቢል አያስደንቅም። ነገር ግን ቀደም ብሎ ተጽፎለታል።

አስቀድሞ፥ የአሜሪካ ፖሊስ አንድ ሠራዊት አለመሆኑን መረዳት ያስፈልጋል። በአገሩ 18,000 ያህል የፖሊስ መሥሪያ ቤቶች አሉ። ከተማው የራሱን ፖሊስ ይቀጥራል፤ በአብዛኞቹ አውራጃዎች «ሸሪፍ» የሚባለውን ሹም ሕዝቡ ራሱ ይመርጠዋል። በኛ አገር የአራዳ ዘበኛ ዘመን ካለፈ በኋላ በ1934 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ ፖሊሱ በአገር ግዛት ሚኒስቴር ሥር አንድ ሠራዊት ሆኖ ተቋቋመ፤ ዛሬ ክልሎች የየራሳቸው ፖሊስ አላቸው። ያን ሁሉ የአሜሪካ መሥሪያ ቤት በአንድ ደንብ የሚያስረው ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ነው።

ደንቡም የወጣው ኤርኔስቶ ሚራንዳ በተባለ ሰው ጉዳይ ነው። ይህ ሰው በ1963 እ.ኤ.አ. በአሪዞና፥ በፊኒክስ ከተማ ተይዞ፥ ሁለት ሰዓት ያህል ከተመረመረ በኋላ የእምነት ቃሉን ፈረመ። ጠበቃ የማግኘት መብት እንዳለው ግን አልተነገረውም ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1966 እ.ኤ.አ. በአምስት ለአራት ድምፅ ፍርዱን ሻረው። በዚሁ ነፃ ወጥቶ የቀረ የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል፤ በሚቀጥለው ዓመት በሌላ ማስረጃ እንደገና ተፈርዶበታል።

እንግዲህ ወደ ቤታችን እንመለስ። ከሚራንዳ ፍርድ አራት ዓመት ተመንፈቅ ቀድሞ፥ ጥቅምት 23 ቀን 1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 27፥ የተያዘ ሰው መልስ እንዲሰጥ እንዳይገደድ፥ ያለመመለስ መብት እንዳለውና የሚሰጠው ቃል ማስረጃ ሊሆን እንደሚችል እንዲነገረው ያዛል። ቃሉ የሚጻፍበትን ቋንቋ በሚገባ የማያውቅ ከሆነም አስተርጓሚ እንዲቀርብለት ይላል። ከጋሞ መጥቶ በሽሮ ሜዳ ጥበብ ለሚሠራ፥ አማርኛው ገና ላልጠራለት ሸማኔ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አንቀጽ 29 ደግሞ የተያዘው ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያለ መያዣ ትእዛዝ ስለ ተያዘ ሰው 48 ሰዓትን ለመለኪያ የወሰደው በ1991 እ.ኤ.አ. ነው።

ታዲያ ልዩነቱ ከምን ላይ ነው? በአሜሪካ ማስጠንቀቂያው ሳይነገረው በምርመራ የተሰጠ ቃል፥ በመሠረቱ፥ ዐቃቤ ሕጉ በማስረጃነት የሚያቀርበው አይሆንም። የኛ አንቀጽ 27 ግን መርማሪው ሳይናገር ቢቀር ቃሉ ምን እንደሚሆን አይገልጽም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 19 በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት እንደሌለው ደንግጓል፤ ማስገደድና አለመንገር ግን ሁለት ነገሮች ናቸው። የፊኒክሱ መርማሪ ያችን አንዲት ዐረፍተ ነገር ቢዘላት መዝገቡ ሊበላሽበት ይችላል። የጉለሌው ቢዘላት፥ የቃሉ ዋጋ ዳኛው «ቃልህን ስትሰጥ መብትህ ተነግሮህ ነበርን?» ብሎ በመጠየቁና ባለመጠየቁ ላይ ያድራል።