አያትህን ኢንተርኔት ላይ ትፈልጋለህ? መጀመሪያ እማማን ጠይቅ!

አንድ የሸዋ ሮቢት ልጅ «የባሕረኛ ዘር ነኝ» ቢላችሁ ትስቁ ይሆናል። ይፋት ቆላ ከሮቢ ወንዝ በቀር ምን ውኃ አለ ብላችሁ! እኔም ስቄ ነበር። ታሪኩን ስሰማ ግን ሳቄ ጠፋ።

ባለታሪካችን አዲስ አበባ የሚሠራ የ27 ዓመት ወጣት ነው። ወንድ አያቱ የባሕር ኃይል ባልደረባ ነበሩ። የካቲት 1982 ዓ.ም. ምፅዋ በሻዕቢያ እጅ ስትገባ ወሬያቸው ጠፋ፤ እንደጠፋም ቀረ። ለቤተሰቡ የቀረው አንድ ፎቶግራፍ ነው። አያትየው ነጭ የደንብ ልብስ ለብሰዋል፤ ከኋላቸው መርከብ ቆማለች፤ መርከቧ ላይ «ኤ 01» ይላል።

ልጁ የአያቱን ስም በእንግሊዝኛ ፊደል በአምስትም በስድስትም ዓይነት እየጻፈ አንድ ወር ሙሉ ስልኩ ላይ አፈጠጠ። ምንም የለም! በመጨረሻ አንድ ጓደኛው «ሰውየውን ተውና መርከቧን ፈልግ» አለው።

መርከቧ ወዲያው ተገኘች። «ኢትዮጵያ» ትባላለች። መጀመሪያ «ኦርካ» የተባለች የአሜሪካ ባሕር ኃይል መርከብ ነበረች፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፓስፊክ ላይ ተዋግታለች። ጥር 1954 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተሰጠች። ግንቦት 1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲወድቅ ወደ የመን ሸሸች፤ በኋላም ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። አሜሪካኖቹ የመርከቦቻቸውን ታሪክ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ስላስቀመጡት ማንም ያነበዋል።

ልጁ ደስ ብሎት ጣርማ በርን ቁልቁል ወርዶ ሸዋ ሮቢት ገባ። ሴት አያቱ ስልኩን ተቀብለው መርከቧን አዩ፤ ዝም አሉ። ቆይተው፦

«ለመሆኑ በማን ስም ነው የፈለግኸው?»

«በአባቱ ስም ነዋ!»

«እሱኮ ሲቀጠር የተጻፈው በአያቱ ስም ነው። ያሳደጉት እሳቸው ናቸው።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ይታያችሁ! ወር ሙሉ የሌለ ሰው ሲፈልግ ከርሟል። እማማ የዚያን ቀን የሁለት ጓዶቻቸውን ስምም ነገሩት። አንደኛው አዲስ አበባ በሕይወት አሉ። ልጁ በሚቀጥለው ሳምንት ሊያገኛቸው ቀጠሮ ይዟል።

እናንተም የባሕረኛ ዘመድ ካላችሁ ምክሬን ስሙኝ። ፎቶግራፉን ገልብጡና ጀርባውን አንብቡ። ቀን፣ የመርከብ ስም ወይም ቁጥር ይኖረው ይሆናል። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ አንዱ በአባቱ፣ ሌላው በአያቱ ስም ይጻፋል። ስለዚህ ስሙን ሁሉ ይዛችሁ ፈልጉ። ባሕር ኃይላችንን መጀመሪያ ያሠለጠኑት ኖርዌጂያኖችና እንግሊዞች ስለነበሩ ፍለጋችሁ ወደ እነሱም ይሂድ። አዲስ አበባ ያላችሁ ደግሞ ወመዘክር ገብታችሁ የዘመኑን ጋዜጦች አገላብጡ።

ከሁሉ በፊት ግን ሽማግሌዎቹን አነጋግሩ፤ ድምፃቸውንም ቅዱ። ኢንተርኔት መርከቧን ይሰጣችኋል። ሰውየው ያለው እማማ ዘንድ ነው፤ መርከቧ ነገም እዚያው ስልካችሁ ላይ ትገኛለች፤ እማማ ግን ሰማንያ አልፏቸዋል።

ሳምንት በሰላም ያገናኘን!