የካርቡራተሯ መስኮት

ጁባ ውስጥ የሚርመሰመሰው ላንድክሩዘር አብዛኛው ናፍጣ ነው። ባለ ቤንዚኑ አሮጌ ‹ፎርቲ›፣ ያ ባለ 6 ሲሊንደር 4.2 ሊትር ሞተር የተሸከመው፣ ሲያልፍ ግን ቆሜ እሸኘዋለሁ። ኮምፒዩተር የለውም፤ ሕመሙን በጭሱ፣ በጠረኑና በድምፁ ራሱ ይናገራል።

ሰማያዊ ጭስ ዘይት ነው፤ ነጭ፣ ውኃ፤ ጥቁር፣ በደንብ ያልተቃጠለ ቤንዚን። 1 ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። ቤንዚኑ ከዚያ ሲበዛ ካንዴላው ደረቅ ጥላሸት ይለብሳል። ጥላሸቱ ቅባታም ከሆነ ግን ዘይት ነውና ካርቡራተሩን ተዉት።

የሚያናድደኝ ጥቁር ጭስ ባየ ቁጥር ካቻቢቴ ይዞ የሚኒሞዋን ቡሎን የሚያጠብቅ ሰው ነው። ይህች ቡሎን የምታዘው ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራና ገና ሲነሳ ነው። መንገድ ላይ ነዳጅ ሲሰጡት ቤንዚኑ በሌላ፣ በሰፊው ቀዳዳ ይገባል። እየሄደ የሚያጨስ መኪና ቡሎኗን ስላጠበቁለት አይድንም፤ ሚኒሞውም አብሮ ይበላሽና አንዱ ችግር ሁለት ይሆናል።

ባለፈው ዓመት ኮኞ ኮኞ ገበያ አጠገብ አንድ ያገሬ ልጅ ፎርቲውን እያስጨሰ መጣ። «ጋሼ፣ መኪናው ከናይሮቢ ስለመጣ ከፍታው ነው አሉኝ፤ ካርቡራተር ግዛም ተብያለሁ» አለኝ። ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ናይሮቢ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፣ አዲስ አበባ ከ2,300፤ ጁባ ግን 550 ገደማ። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት ከጁባው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ደጋ ላይ የተስተካከለ ካርቡራተር ቆላ ሲወርድ አየር ይበዛበታል እንጂ ቤንዚን አይበዛበትም። ከጁባ ወደ ደጋ የወጣውን ከፍታው ሊያስጨሰው ይችላል፤ ወርዶ የሚያጨስ ግን የተበላሸ ነገር አለው።

የአየር ማጣሪያውን አወጣሁ፤ አቧራ ነበረው፣ ግን አልታፈነም። ቾኩ በደንብ ተከፍቷል። አንዲት ቀጭን የቫኪዩም ቱቦ ስነቅል ሞተሩ ተፍታታ፤ ቤንዚን እንደበዛበት ማረጋገጫዬ ይህ ነው። ከዚያ የምወዳትን መስኮት ጠራረግኋት። በዚህ ካርቡራተር ሆድ ላይ ትንሽ ክብ መስታወት አለች፤ ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ ቤንዚኑ መሃሏ ላይ መታየት አለበት። ስንት ሰው ነው በጭቃ ሸፍኗት ዓመታት የሚነዳው! ያን ቀን ቤንዚኑ ከመስታወቷ አልፎ ነበር። ሞተሩን አጥፍተን፣ ቀዝቅዞ፣ ክዳኑን ስንከፍት ቤንዚኑን የምትዘጋው መርፌ መቀመጫ ላይ አንዲት የአሸዋ ፍሬ ተቀርቅራለች። ልጁ ቤንዚን የሚገዛው መንገድ ዳር በላስቲክ ጠርሙስ ከሚሸጡት ነው፤ የቤንዚን ማጣሪያውንም ‹ያንቃል› ብሎ አውልቆ ጥሎታል። አጥበን፣ አዲስ ማጣሪያ አስገብተን መለስነው። ካርቡራተር አልተገዛም።

መኪናችሁ እንዲህ ሲያጨስ ከከረመ የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጥታችሁ አሽትቱት። ትርፉ ቤንዚን የሲሊንደሩን ግድግዳ አጥቦ ወደ ዘይቱ ይወርዳል። ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ መንስኤውን ሳታስወግዱ፣ ዘይቱንም ሳትቀይሩ አትንዱት።