በቀጭን መርፌ ስለሚመረመር ትንሽ የጡት እባጭ

የጡት ነቀርሳ፥ ብዙ ሰው ካንሰር እያለ የሚጠራው ደዌ፥ ሲጀምር አብዛኛውን ጊዜ አያምም። ክፋቱም በዚህ ላይ ነው። በምዕራብ ሸዋ ከተሞች፥ በጊንጪ ወይም በጉደር ወይም በጌዶ የምትኖር ሴት በቤቷ፥ አለዚያም አምቦ ወርዳ በፍል ውሃው ገላዋን ስትታጠብ፥ ሽምብራ የሚያህል ጠጣር እባጭ በጡቷ ውስጥ ብትዳስስ፥ ስላላመማት ብቻ እስከ መኸሩ ማለቂያ፥ ከዚያም እስከ ልጇ ሠርግ ቀጠሮ ትሰጠዋለች። በአገራችን ሴቶችን ከሚያጠቁት የነቀርሳ ዓይነቶች በቁጥር የሚበልጠው የጡቱ ነው፤ ከሕሙማኑም ብዙዎቹ ከሐኪም ዘንድ የሚደርሱት እባጩ ከገዘፈ በኋላ ነው።

እባጩ ምን እንደ ሆነ ለማወቅ ካሉት መንገዶች አንዱ እጅግ ቀላል ነው። ሐኪሙ ቆዳውን በአልኮል ያጸዳል፤ እባጩን በሁለት ጣቶቹ መካከል አጽንቶ ይይዛል፤ ከዚያም ደም ለመቅጃ ከሚያገለግለው የማይወፍር፥ እንዲያውም ብዙ ጊዜ የሚቀጥን መርፌ ያስገባል። የመርፌውን ጫፍ በእባጩ ውስጥ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያመላለሰ በሲሪንጅ ጥቂት ይስባል። የሚወጣው ጠብታ የምታህል ናት፤ በውስጧ ግን እጅግ ብዙ ሕዋሳት ይገኛሉ። ጠብታዋ በመስተዋት ስላይድ ላይ ከተቀባችና ቀለም ከጠጣች በኋላ፥ የፓቶሎጂ ሐኪም በአጉሊ መነጽር የሕዋሳቱን መጠን፥ አቀማመጥና የአስኳላቸውን መልክ አይቶ ይፈርዳል። ማደንዘዣ ብዙ ጊዜ አያስፈልግም፤ ሴቲቱም በዚያው ቀን ወደ ቤቷ ትመለሳለች። በሚገባ የተዘጋጀና ስም የተጻፈበት ስላይድ መንገድ ይችላል፤ የፓቶሎጂ ሐኪም በሌለበት ከተማ የተቀዳው አዲስ አበባ ተልኮ ሊነበብ ይቻላል።

ዘዴው አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1930 ማርቲንና ኤሊስ በኒው ዮርክ ስለዚሁ ጽፈው ነበር፤ የተስፋፋው ግን ከ1950ዎቹ ጀምሮ በስዊድን ሐኪሞች እጅ ነው።

«ብረት የነካው እባጭ ይቆጣል፥ ይበተናል» የሚል ፍርሃት በብዙ ቤት ይሰማል። ይህን የሚሉትን አንነቅፍም፤ ከሐኪም ቤት ደርሰው ብዙ ሳይቆዩ የሞቱትን አይተው ነው የተናገሩት። ነገር ግን እነዚያን የጎዳቸው መርፌው ሳይሆን መዘግየቱ ነው። በቀጭን መርፌ ናሙና መውሰድ የሴቲቱን ዕድሜ እንደሚያሳጥር የተረጋገጠ ነገር የለም። መምህራን ይህን አንድ ነገር ለተማሪዎቻቸው፥ ተማሪዎቹም ለእናቶቻቸው በአፋን ኦሮሞም ሆነ በአማርኛ ቢያደርሱልን ከብዙ ሰሌዳ ይልቅ ይጠቅማል።

እባጩ በጣም ትንሽ ሲሆን ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከአንድ ሴንቲ ሜትር በታች የሆነውን መርፌው ሊስተውና ከጎኑ ያለውን ጮማ ብቻ ሊያወጣ ይችላል። ስለዚህ «ነቀርሳ አልተገኘም» የሚል ወረቀት «ነቀርሳ የለም» ማለት አይደለም። (ይህን ልዩነት የቋንቋ መምህራን ከእኛ ይልቅ አሳምረው ያስረዱታል።) በአልትራሳውንድ እየተመሩ መውጋት ስሕተቱን ይቀንሳል። ከዚህም ጋር የሐኪሙ እጅ የዳሰሰው፥ በአልትራሳውንድ ወይም በማሞግራፊ የታየውና ከመርፌው የተገኘው ውጤት ሦስቱም ሊስማሙ ይገባል። አንዱ ከተለየ መርፌው ይደገማል፥ ወይም ወፈር ባለ መርፌ ቁራጭ ሥጋ ይወሰዳል። ነቀርሳ መሆኑ ከታወቀም በኋላ ለሕክምናው ምርጫ ይህ ቁራጭ ብዙ ጊዜ ያስፈልጋል። ወረቀቱ ምንም መልካም ቢሆን እባጩ ያልጠፋላት ወይም ያደገባት ሴት ያንኑ ወረቀት ይዛ ወደ ሐኪሟ ትመለስ።